የበር ላይ ፊርማ

ስብሰባ እጠላለሁ። ይህን የምለው ከሃያ ዓመት በላይ ቃለ ጉባኤ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። መደበኛ ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ፋይል ማስገባትና ፋይል ማውጣት። ግን ጽሑፉ ያምራል ተባለ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ይሰማል ተባለ፣ ከዚያ ወዲህ ሰበታ ውስጥ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር እኔ አንድ ጥግ ይዤ እጽፋለሁ። ቡራዩም ሱሉልታም ተውሰውኝ ያውቃሉ። በሦስቱም ከተማ ሰው የሚያነሳው ያው ነው፣ የሚሰጠውም መልስ ያው ነው። ብዕሬ ገና ሳይናገሩ መጻፍ ይቃጣት ነበር።

የምኖረው ወደ ፉሪ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። የውሃ ቧንቧ ከተዘረጋልን ቆይቷል፤ ውሃው ግን አልመጣም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቦቴ ይመጣልናል። ቦቴው እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣና መጀመሪያ የሚቆመው የምክር ቤት አባላችን በር ላይ ነው። ሰውዬው በግቢው ሁለት ትልልቅ ታንከሮች አሉት፣ ሁለቱም ጢም ብለው ይሞላሉ። ይህ በደግነት የተደረገለት አይደለም፤ የተጻፈ አሠራር ነው። አባላት የሕዝብ ሥራ እንዳይስተጓጎልባቸው አገልግሎት ቅድሚያ ያገኛሉ ይላል። በዚሁ አሠራር ጉዳይ ማስፈጸሚያ መስኮቶች ላይ አይሰለፉም፣ ጤና ጣቢያም ካርድ አይጠብቁም። ቦቴው እሱን ሞልቶ ሲያበቃ በር በበር ቁልቁል ይወርዳል። ዳገቱ ግርጌ ሲደርስ የሚቀረው የጎማው ጫፍ ላይ የሚንጠባጠበው ነው።

ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛው በር የእኔ ነው። ይህን አሁኑኑ ልናገር፤ ኋላ ላይ ደበቀን እንዳትሉኝ።

ግርጌው ላይ ከደቡብ መጥታ ክር ፋብሪካ ስትሠራ የኖረች ሴት አለች። ባሏ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመት አለፋቸው። እሷ ሥራዋን ትታ ታገላብጣቸዋለች። በአልጋ የቀረ ሰው ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ ያስታመመ ያውቀዋል። አንሶላው አለ፣ ጨርቁ አለ፣ ገላው አለ። ከታች ካለው ወንዝ እንዳትቀዳ የወንዙ ቀለም ራሱ የውሃ አይደለም። ከቦቴው ደግሞ በሳምንት አንድ ጀሪካን ከደረሳት ቀን ወጥቶላታል።

ባለፈው ዓመት ከበላይ ትእዛዝ መጣና ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው የምክር ቤት አባላትን ጥቅማ ጥቅም ለማሻሻል የነዋሪውን ሀሳብ ማሰባሰብ ይላል። እኛ ጋ የስብሰባ ወግ እንዲህ ነው፤ በር ላይ አንዲት ሠራተኛ አቴንዳንስ ይዛ ትቆማለች፣ ስምህን ጽፈህ ትፈርማለህ፣ አንድ የታሸገ ውሃ ይሰጥሃል፣ ትገባለህ። ገና ምንም ሳይነገር ፊርማህ ወረቀት ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ እንዲህ ሲፈርም ኖሯል፤ ለውሃው የፈረመ ነው የሚመስለው። ያ ወረቀት የት እንደሚሄድ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም።

የዚያን ቀን ግን ሰው ተናገረ። ከሰሜን መጥቶ መንገዳችን ላይ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ተነሳና፣ «መስኮት ላይ እንደኛ ይሰለፉ። አንድ ወር ብቻ ይሰለፉ። በሁለተኛው ሳምንት መስኮቱ ራሱ ይፈጥናል» አለ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ያቺ ሴት እጇን አወጣች። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው።

«ቦቴው ከታች ይጀምር» አለች። «ውሃው ካልበቃ ከላይ ያለው ቤት ይቅርበት። ሁለተኛ ቦቴ ማስመጣት የሚችለው ሰው እዚያ ላይ ነው ያለው። ውሃ ሲያልቅበት ያስመጣል። እኛ ሲያልቅብን ማንም አያመጣም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አባሉ መድረክ ላይ ሆኖ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ «ሀሳባችሁን ተቀብለናል» አለ። በሕይወቴ እንደዚህች ዓረፍተ ነገር የምጠላው የለም። የተቀበለ ሰው አያስቀምጥም፣ አይመልስም፣ አይሠራበትም፤ ተቀብሎ ይሄዳል።

እኔስ ምን ጻፍኩ? ሁልጊዜ የምጽፈውን። ቃለ ጉባኤው በኦሮምኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ከመሠረተ ልማት ጋር የተያያዙ ሀሳቦች ተነስተው ከመድረኩ ምላሽ ተሰጥቶባቸዋል። ቤቱም ባለው አሠራር ተስማምቶ ስብሰባው ተጠናቋል።» ሃያ ዓመት በዚህ መዝጊያ ነው የዘጋሁት። አቴንዳንሱን ከኋላው አያይዤ፣ ጸሐፊ በሚለው ቦታ ላይ ፈርሜ አስረከብኩ። ለረጅም ጊዜ ልማድ ነው ብዬ ራሴን ሳባብል ነበር። ልማድ ብቻ አልነበረም። እሷ ያለችው ቢጸና የሚደርቀው የእኔም በርሜል መሆኑን እየጻፍኩ አውቄዋለሁ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ሴትየዋ መዝገብ ቤት መስኮቴ ላይ መጣች። ሀሳቧ ምን ደረሰ ብላ ማመልከቻ አስገብታ ኖሯል፣ መልስ ተጽፎላታል። በመስኮቱ አሳለፈችልኝ። «ነዋሪው ባለው አሠራር መስማማቱን በፊርማው አረጋግጧል» ይላል። አቴንዳንሱ በኮፒ ተያይዟል። ስሟ አለ፣ ፊርማዋም አለ።

«ይሄ የእኔ ፊርማ ነው?» አለችኝ።

«ያንቺ ነው።»

«እኔ በር ላይ ለውሃው ነው የፈረምኩት። ያችን ፕላስቲክ እንኳ አልከፈትኳትም፣ ለባሌ ይዤለት ሄድኩ።» ጣቷን ፊርማዋ ላይ አደረገች። «ተስማምታለች ብሎ የጻፈው ማን ነው?»

መዋሸት እችል ነበር። ኋላዬ ያሉት ባልደረቦቼ ሥራ የያዙ መስለው ጆሯቸውን ጥለዋል።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጀርባው ቆስሏል» አለች። «በጀሪካኑ ላጠጣው ወይስ ልጠበው? አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ።»

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከሰዓት አንድም ፋይል በቦታው ሳላስቀምጥ ዋልኩ፤ ራሴን ጠላሁት፣ ጽሑፌን ጠላሁት፣ ጽሑፉ ያምራል ያሉኝን ሁሉ ጠላኋቸው።

ከአምስት ወር በኋላ ሁለተኛው ስብሰባ ሲጠራ ዓላማውን ከሁሉ ቀድሞ ያወቀው መዝገብ ቤት ነው። አባላችን የነዋሪ ሀሳብ ሰብስቤ አጸድቄያለሁ የሚል ሪፖርት በስብሰባው ዕለት ከሰዓት መላክ ነበረበት፤ ሪፖርቱ ያለ ፊርማ አይሄድም። እኔም በዚያ ሳምንት ወፍጮ ቤት ሄድኩ፣ ታክሲ ተራ ቆምኩ፣ ነጋዴው ሱቅ ገባሁ። ለሁሉም የነገርኩት አንድ ነገር ነው፦ በር ላይ አትፈርሙ፤ ጽሑፉ ከተነበበላችሁ በኋላ ፈርሙ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ፈርቼም ተናገርኩ። ነጋዴው ወሬውን ከምስማርና ከሲሚንቶ ጋር አብሮ ሲያድል ሰነበተ።

በቀኑ ሰው እየተንጋጋ መጣ። አቴንዳንስ የያዘችው ሠራተኛ እስክሪብቶ ስትዘረጋ ሁሉም «ኋላ» እያለ ያልፋል። የታሸገውንም ውሃ የነካው የለም። ካርቶኖቹ እንደተደረደሩ ቀሩ። አባሉ ከመድረክ ወርዶ በሩ ድረስ መጣ።

«ምንድነው ችግሩ? አቴንዳንስ እኮ ነው» አለ።

«ባለፈው ጊዜም አቴንዳንስ ነበር» አለችው ሴትየዋ።

ሀሳቡ አንድ በአንድ እንደገና ተነገረ፣ እኔም እንደተነገረ ጻፍኩት። ከዚያ ብድግ ብዬ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ አነበብኩ። ቦቴው ከታች ይጀምር የሚለው ላይ ስደርስ አባሉ አቋረጠኝ።

«ቃለ ጉባኤ እንዲህ አይጻፍም።»

«እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ» አልኩት። «ሃያ ዓመት ሳበላሸው ኖሬያለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ከታች ይጀምር» በሚለው ፈንታ «በፍትሐዊነት ይዳረስ» እንድል ሀሳብ አቀረበ። ነጋዴው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ «ፍትሐዊነት ስንት ጀሪካን ይይዛል?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አባሉ አልሳቀም፤ ስልኩ ደግሞ በየደቂቃው ይጠራል፣ ሪፖርቱን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው። አንስቶ «እየተፈረመ ነው» አለ። አንድም የተፈረመ አልነበረም። ከምሳ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ እጁን አወናጭፎ «ይሁን፣ እንዳለ ይሂድ» አለኝ። ሕዝቡን አክብሮ አልነበረም፣ ሰዓት አልቆበት ነው። ለእኔ ልዩነት የለውም፤ ከሰውዬው ልብ አልፈልግም፣ ፊርማውን ነው የፈለግኩት። እሱ መጀመሪያ ፈረመ፣ እኛም ተሰልፈን ከበታቹ ፈረምን።

የመስኮቱ ወረፋ እስካሁን እያጨቃጨቀን ነው፤ አባላቱ ራሳቸው መሰለፍ ሲከብዳቸው ዘመድ እያሰለፉ ነው። ቦቴው ግን ከታች ጀመረ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከእኔ በር ሁለት ቤት ሲቀረው አለቀ። ባለቤቴ ባዶ በርሜሉን በእግሯ ነካ አድርጋ «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ በራሴ ብዕር የጻፍኩት ነገር ራሴን ሲነካኝ ተናደድኩ። የሰውዬው ታንከሮች ሁለት ሳምንት ያዙለት። በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለተኛ ቦቴ ዳገቱን እየወጣ መጣ፤ ማን ደውሎ እንዳስመጣው አልጠየቅንም።

የዚያኑ ቀን ረፋድ ላይ ሴትየዋ በሬ ላይ ቆመች።

«ገላውን ላጥበው ነው። ይከብደኛል፣ በጎኑ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ተከትያት ወረድኩ። ባሏ ግድግዳ ጥግ አልጋው ላይ ናቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ትከሻቸው አሁንም የሾፌር ነው። አፋቸው ግማሹ ስለማይታዘዝ ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። እሷ በሳፋ ውሃ አቀረበች። እኔ አንድ ክንዴን ከትከሻቸው ሥር፣ ሌላውን ከዳሌያቸው ሥር አስገብቼ ወደ እኔ አዞርኳቸው። ጀርባቸው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁስል አለ፣ መሃሉ ጥልቅ ነው። ዓይኔን ላነሳ ፈለግኩ፣ ግን የያዝኳቸው እኔ ነኝ፤ የት እሄዳለሁ?

ውሃው ሲነካቸው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ፊታቸው ደረቴ ላይ እንዳለ ማውራት ጀመሩ።

«ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ» አሉኝ። ከዚያ ያልገባኝ መስሏቸው በአማርኛ ደገሙት። «እግዜር ይባርክህ ልጄ። ውሃውን ያስመጣልን መዝገብ ቤት የሚሠራው ጎረቤታችን ነው ብላኛለች። ልጆችህን ያሳድግልህ። ጤና ይስጥህ። እንደኔ ሰው እጅ ላይ አይጣልህ።»

ቀና ብዬ ሴትየዋን አየኋት። የመጀመሪያውን ቃለ ጉባኤ ማን እንደጻፈው አልነገረቻቸውም። በዚያ ጽሑፍ ሰበብ ዘጠኝ ወር ሙሉ ያለ በቂ ውሃ ተኝተዋል፣ አልነገረቻቸውም። ጨርቁን ጨምቃ ወደ ቁስሉ ዳር ተመለሰች፣ ወደ እኔም አላየችም።

«አሜን በለው እንጂ» አለችኝ። «እየጠበቀህ ነው።»

«አሜን» አልኳቸው።