ቬልማ የተረተረችው ስም

ቬልማ ሀውሪሉክ ቁጭ ብላ ሆኪ አይታ አታውቅም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የኬልብሩክ ከተማ ወጣቶች በአዳራሹ በረዶ ላይ ሲራኮቱ እሷ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ወዲያ ወዲህ ስትል ኖረች። ባሏ ኦረስት በየጨዋታው ያቺኑ ቀልዱን ይደግማል፤ "አንቺ ሴትዮ፣ ወለሉን እኮ ጨረስሽው!"

ቬልማ ልብስ ሰፊ ናት። ተጫዋች ሲመጣ ስሙን ማልያው ላይ ትሰፋለች፤ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ትተረትራለች። ክፋቱ፣ ትእዛዙ ከልጁ ቀድሞ ለእሷ ይደርሳታል። አሰልጣኙ ጠዋት ይደውልላታል፤ ማታ ልጁ በፈገግታ "እትዬ ቬልማ፣ እንዴት አመሹ?" ይላታል፣ የገዛ ስሙን ቦርሳዋ ውስጥ መያዟን ሳያውቅ። ትንፍሽ አትልም፤ የሥራው ሕግ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ይዞ ቁጭ የሚል ሰው ካለ እስቲ ይምጣ።

ኬልብሩክ ሦስት ቡድን አሳልፋለች። ቀበሮዎቹ አንድ ዋንጫ በልተው አዳራሹ ሲቃጠል ተበተኑ። በአዲስ አዳራሽ የተተኳቸውን ባለባቡሮቹን ደግሞ ባለቤታቸው በ1987 ጓዛቸውን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ ወሰዳቸው። ያኔ ቬልማ ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው የከተማውን ስም ከማልያዎቹ ደረት ላይ እንድትተረትር ታዝዛ ተርትራ፣ ዝም ብላ ነበር። ሰው የሰማው ጓዙን የጫነው መኪና ከሄደ በኋላ ነው። አዲሱ አዳራሽ አስራ አንድ ክረምት ባዶውን ቆመ፤ ኦረስትም ቅዳሜ ማታ ግድግዳ ሲያይ ያመሽ ነበር። እሷም ራሷን ይቅር አላለችም።

ከዚያ ነጎድጓዶቹ መጡ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ አዲስ ስም የሚሰፋላቸው ማልያዎች ዘገዩ። ቬልማ በር በሩን ስታይ ሰነበተች። ሲመጡም ከላያቸው ላይ አንዲት ወረቀት ነበረች፤ "የከተማው ስም ይነሳ" ትላለች።

ያን ዕለት ከሰዓት የቡድኑ ባለቤት ፔንድሪ አዳራሹ ደጃፍ ላይ የዓመቱን ትኬት እየሸጠ ነበር። ኦረስት ትኬት ሊገዛ ኮቱን ደረበ።

"ምን ሆነሻል? ሻይሽን እንኳ አልነካሽም።"

"ምንም።"

"በ1987ም እንዲሁ 'ምንም' እያልሽ ነው ሁለት ሳምንት ምግብ ያልበላሽው።"

ቬልማ አየችው። ከዚያ መተርተሪያዋን አነሳችና የአንዱን ማልያ ደረት ባዶ አስቀርታ ይዛው ወጣች፤ ኦረስትም ተከተላት።

ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሷል። በሰው መሃል ሰንጥቃ ገብታ ማልያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

"ይሄን ለምን እንዳስተረተርከኝ ንገራቸው።"

ፔንድሪ ፊቱ ቀላ። "እትዬ ቬልማ፣ ይሄ የቢሮ ጉዳይ ነው። እርስዎ ሰፊ ነዎት።"

"ሰፊ ስለሆንኩ ነዋ የማውቀው! ልትወስዳቸው ነው።"

ኋላ የቆመ አንድ ገበሬ "እንግዲያው ትኬቱን የምትሸጥልን ተሰናብተን እንድናለቅስበት ነው?" ብሎ ጮኸ። ፔንድሪ ትኬቶቹን ሰብስቦ ወደ ውስጥ ገባ። ነጎድጓዶቹ ሄዱ፤ መሄዳቸውን ማንም አላስቆመውም። ግን ገና ነሐሴ ነበር፣ የአዳራሹ በረዶም አልተሠራም፤ ጨዋታ እስኪጀመር ጊዜ ነበር። የተሰለፈው ሰው እዚያው ቆሞ የራሱን ቡድን ለማቋቋም ተመዘገበ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ኦረስት ጠየቃት። "ያኔም ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ኦረስት ቀድሟት ሄደ። እስከ ጥቅምት ድረስ ያናገራት ለጨውና ለቁልፍ ብቻ ነው። ቬልማ አልፈረደችበትም፤ አስራ አንድ ክረምት ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን የከተማው ልጆች ዘጠኝ ለአንድ ተሸነፉ። ቬልማ እንደ ልማዷ መተላለፊያው ላይ ትንቆራጠጣለች። ኦረስት ከመቀመጫው ሲነሳ አየችው፤ ወደ ቤት ሊሄድ መሰላት። መጥቶ ጎኗ ገባና እርምጃውን ከእርምጃዋ ጋር አስተካከለ።

"ነይ" አላት፣ "የቀረውን ወለል አብረን እንጨርሰው።"