ሶዶ፣ መስመሩን ውሰጂ

ሶዶ ስልክ ቤት ስሠራ ከሰው ይልቅ የምጣላው ከመስመር ጋር ነበር። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከእኛ ማዞሪያ ወደ አዲስ አበባ የሚወጡት መስመሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ደዋዩ ግን ከሁምቦ በእግሩ፣ ከበዴሳ በጭነት መኪና እየመጣ አግዳሚ ወንበሩን ይሞላል። ሁሉንም መስመር ለወጪ ጥሪ ብሰጥ ከዚያ ወደ እኛ የሚደውል ሰው መግቢያ ያጣል፤ ብቆጥብ ደግሞ አዳራሹ ይጮህብኛል። ስለዚህ አንዱን ሁልጊዜ ባዶ አስቀምጬ፣ በሌሎቹ ሰዉን በአጭር በአጭሩ አስወራለሁ። "ይበቃል አባቴ፣ ሰላምታው አልቋል" ማለት ሥራዬ ነበር። ስንቱ ረግሞኛል!

አዲስ አበባ ያለችው ኦፕሬተር ከእኔም የባሰች ነበረች። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ፊቷን አላየሁም፣ ስሟንም አልጠየቅኩም። እኔ "አዲስ አበባ" እላታለሁ፣ እሷ "ሶዶ" ትለኛለች። ተጨማሪ መስመር ስለምናት "ሶዶ፣ ያዢ!" ብላ ጥላኝ ትሄዳለች። እሷን መለመን ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነበር።

ሁለታችንም ያለ ክርክር የምናሳልፈው አንድ ዓይነት ጥሪ ብቻ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተበት ሰው ንጋት ላይ፣ ዘመድና ሽማግሌ ከቦት ነው የሚረዳው። ስለዚህ ደዋዩ "ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ይምጣ በሉት" ይላል። ያቺን "ትንሽ" ስሰማ ወረፋ የሚባል ነገር የለም፤ መስመር እሰጣለሁ።

በዚያ ዓመት አባቴ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ያስታምመው የነበረው ወንድሜ "ተሽሎታል፣ ለጊፋታ ይዤው እመጣለሁ" ብሎናል። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ከቤቱ የራቀ ሁሉ ይሰበሰባል። አባቴ የሐኪም ቤቱ ምግብ እንዳልጣመው መልእክት ልኮብን ስለነበር፣ እናቴ በርበሬውን ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፈጭታ ዳታ አዘጋጅታለት ትጠብቀዋለች። እኔም የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ "ተነስተናል" የሚል የወንድሜን ድምፅ።

በዋዜማው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሁሉም ጥያቄ "ተነስቷል ወይ? በየትኛው መኪና?" ነው። በዚህ መሀል ባዶ ያስቀመጥኩት መስመር ጠራ።

"ሶዶ" አለችኝ አዲስ አበባ፣ ቀስ ብላ። "አጠገብሽ ሌላ ሰው አለ?"

"ጓደኛዬ አለች። ምን ፈለግሽ?"

"እሷን ስጪኝ፣ እህቴ።"

እህቴ ብላኝ አታውቅም። ማዳመጫውን አብራኝ ለምትሠራው ልጅ ሰጠኋት። አዳመጠች፣ ጀርባዋን አዞረችብኝ፣ ከዚያም የአረካ ከተማን ማዞሪያ ጠርታ በሹክሹክታ ቁጥር ተናገረች። የአጎቴ ሱቅ ቁጥር ነበር። ከአዲስ አበባ የደወለውና አጎቴ ተነጋግረው ሲጨርሱ ፊቴን ሳታይ ማዳመጫውን መለሰችልኝ። አዲስ አበባ አልሄደችም።

"ሶዶ፣ ዛሬ የፈለግሽውን ያህል መስመር ውሰጂ። ሌሎቹን ከተሞች እኔ አስጠብቃለሁ።"

ያኔ አባቴ መሞቱን አወቅኩ። ወንድሜ ለአጎቴ መንገር የሚችለው በእኔ እጅ በሚያልፍ መስመር ብቻ ነበር። እኔ እንዳልሰማ ለዚያች ለማላውቃት ሴት ነግሯት ኖሯል፤ እሷ ደግሞ አዝናልኝ ያላትን ሁሉ ሰጠችኝ።

አላለቀስኩም። እዚያ ብጮህ እናቴ መርዶዋን ከመንገደኛ አፍ ትሰማለች። ገመድ መንቀሌን፣ ገመድ መሰካቴን ቀጠልኩ። ከሁምቦ የመጣ ሽማግሌ "ልጄን አገናኘኝ፣ ወንድሜ" አለኝ፤ እንደ ብዙው ያገሬ ሰው አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ አይለይም። አገናኘሁት፤ እስኪጠግብ ሲያወራ አላቋረጥኩትም። ሲወጣ "አባትህን ያኑርልህ" ብሎ መረቀኝ። አሜን አልኩት።

መስመር እንደዚያ ቀን ተትረፍርፎ አያውቅም። አዳራሹ ገና በብርሃን ባዶውን ቀረ። አባቴ በመሞቱ የተለቀቀ መስመር ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቤት ስገባ እናቴ የአባቴን አልጋ አንጥፋ ጨርሳለች።

"ደወሉ?" አለችኝ።

"መስመሩ ተጨናንቋል፣ እማዬ።"

አየችኝና ራት አቀረበች። ዳታውን አልከፈተችውም። ጎን ለጎን ተኛን። እሷን እንቅልፍ እንደወሰዳት አይቼ፣ እንዳትነቃብኝ ጋቢዬን ነክሼ አነጋሁ።

ንጋት ላይ አጎቴ ሽማግሌዎች አስከትሎ ከአረካ ደረሰ። ወጉን ጠብቀው አረዱን። እናቴ ጮኸች፤ እኔም ገና እንደሰማ ሰው አብሬያት ጮኽኩ።

ድንኳኑ ተነስቶ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ስለዚያ ምሽት ልነግራት ጀመርኩ።

"ተዪው" አለችኝ። "እኔም እኮ የተኛሁ የመሰልኩት ላንቺ ብዬ ነው። ስልክ ቤት መሥራት ከጀመርሽ ወዲህ የጊፋታ ዋዜማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብተሽ ታውቂያለሽ?"