አስካለ ለእናቷ ሳታለቅስ

ባለፈው እሁድ ከወልቂጤ ተነስቼ ቡታጅራ ለቅሶ ደርሼ መጣሁ። የሞተችው አስካለ ናት፤ ያቺ ድሮ በቴሌቪዥን አገር ምድሩን ያሳቀችው አስካለ። የተቀበረችው አዲስ አበባ ቢሆንም ዘመዶቿ በትውልድ ከተማዋም ድንኳን ጥለዋል። ድንኳኑ ውስጥ ትልቅ ስክሪን ሰቅለው የድሮ ቀልዷን ያሳያሉ። የወንድሟ ልጅ ማይክ ይዞ፣ "እንዳታለቅሱ! አክስቴ ለቅሶ አትወድም ነበር፤ ሳቁላት" ይላል። ሰውም ይስቃል። እኔ ከኋላ ቁጭ ብያለሁ። ለቅሶ አትወድም? ወይ ነዶ! እሱ ምን ያውቃል፣ ያኔ አልተወለደም።

ያኔ እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከጎጃም ቡታጅራ ተመድቤ የመጣሁ አስተማሪ፤ የምኖረውም በአስካለ እናት በእማማ ወርቄ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ተከራይ ልበል እንጂ ልጃቸው ነበርኩ። ቆጮ አልበላም ብዬ ስግደረደር "ገና መች ራበህ!" ይሉኝና ጎመን በአይብ ጨምረው ያቀርቡልኛል። በሁለት ወር ውስጥ ቆጮ ካልቀረበልኝ የማኮርፍ ሆንኩ። እኔም በፈንታዬ ለአስካለ የሚልኩትን ደብዳቤ እጽፍላቸው ነበር። ወሬው ይለያይ እንጂ መዝጊያው ሁልጊዜ "መቼ ነው የምትመጪው?" ነው። አስካለ ግን ስሟ የገነነበት ወቅት ነበርና ጊዜ አልነበራትም።

በቴሌቪዥን የምትጫወተው ከለቅሶ ለቅሶ የምትዞር ሴት ሆና ነበር። ድንኳን ባየች ቁጥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ እየጮኸች ትገባለች። ከዚያ ድንገት ዝም ትልና ትንፋሿን ስባ አጠገቧ ያለውን ሰው "ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?" ትለዋለች። በቃ፣ እዚያች ላይ ሰው አንጀቱ እስኪቆስል ይስቅ ነበር። እኔማ ገና ዝም ስትል ነበር የምጀምረው።

እማማ ወርቄ የሞቱት ኅዳር ላይ ነው፣ በርበሬ በሚለቀምበት ወቅት። ሦስት ቀን ታመው በአራተኛው አረፉ። አስካለ ሳትደርስባቸው ተቀበሩ። ግቢው ውስጥ የተሰጣውን በርበሬ አንስተን ድንኳን ጣልንበት፤ ሽታው ግን ከመሬቱ አልለቀቀም ነበርና ለቀስተኛው ያስላል፣ ያስነጥሳል።

እዚህ አገር ከሩቅ የመጣ የሟች ልጅ ከበር ጀምሮ እየጮኸ ነው የሚገባው። ድንኳን ያለው ሰው ደግሞ ብድግ ብሎ ለቅሶውን ይቀበለዋል፣ አብሮት ያለቅሳል። ካልተቀበሉት ለቅሶው ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

አስካለ በቀብሩ ማግስት እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ከመኪና ወርዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። "እናቴ! ልጅሽ መጣሁ፣ ምነው አትወጪም! እናቴ!" ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ድንኳኑ መሃል ስትደርስ ድምጿ ተዘጋ። ቆመች። ትንፋሿን ሳበች።

እኔም ሳቅሁ።

ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ አስቤ አልነበረም። አፌን በእጄ ብይዘውም አመለጠኝ። ከኋላዬ አንዱ ተከተለኝ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ጎረቤታችን ሐጂ ነስሩ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው፣ "አስተግፊሩላህ! ምን ነካችሁ? እናቷ እኮ ናት!" ብለው ጮኹ። ሳቁ ቆመ፤ ግን ምን ዋጋ አለው። አስካለ አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከዚያ ወዲያ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ "በውሸት ስታለቅስ ኖራ ለእናቷ እንባ አጣች" አሉ። የሳቁትም እነሱው፣ ያሟትም እነሱው።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ ክፍሌ በር ላይ መጥታ ቆመች። ዓይኗ ደርቆ ቀልቷል።

"አንተ ነህ ደብዳቤውን የምትጽፍላት?"

"አዎ፣ እትዬ አስካለ።"

"እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። መጀመሪያ የሳቀውን አይተሃል?"

በርጩማ አወጣሁላት፤ አልተቀመጠችም።

"ልጣላው አይደለም፣ በእናቴ አጥንት! አንድ ሰው አምልጦት፣ ሌላው እሱን ተከትሎ ከሆነ ግድ የለኝም። አሁኑኑ ተመልሼ በበሩ እገባለሁ፣ አለቅሳታለሁ። ሁሉም እኔን ሲያይ እኩል የሳቀ ከሆነ ግን... ለማን አለቅሳለሁ?"

ማለት የነበረብኝ አንድ ቃል ነበር። "እኔ ነኝ።" አፈርኩ። ሰው ምን ይለኛል፣ ከእማማ ወርቄ እጅ በልቶ ለቅሷቸው ላይ ሳቀ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

"ሁሉም አንድ ላይ ነው የሳቀው" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። "ይሁን" አለችና በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ሄደች። ድንኳኑ ፈረሰ።

በኋላ ያቺን ሴትዮ ሆኜ አልጫወትም ብላ ነበር አሉ። ሌላ ሥራ ስትሞክር፣ የተጎዳች ሚስት ሆና ስትቀርብ፣ ሰው ገና ሲያያት ይስቅባታል። እንጀራ ነውና ተመለሰች። ሸምግላ እንኳ በየበዓሉ ዝግጅት እየጠሩ ያንኑ ጩኸት ያስጮኋት ነበር። እኔ እሷ ስትቀርብ ከቤት እወጣለሁ። ባለቤቴ ቀልድ የማልወድ ሰው ይመስላታል።

እሁድ ዕለት የወንድሟ ልጅ ማይኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። "ጋሼ፣ አክስቴን ያውቋት ነበር አሉኝ። እስቲ የሚያስቅ ነገር ያጫውቱን።"

ተነሳሁ። ይህንን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ድንኳኑ መሃል ቆማ ትንፋሿን ሳበች ያልኩበት ላይ ወጣቶቹ ሳቁ። እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።

"እዚህ ላይ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሌላው እኔን ተከትሎ ነው።"

ልጁ ስክሪኑን አጠፋው። ከጥግ በኩል አንዲት ባልቴት፣ ያኔም ድንኳኑ ውስጥ የነበረች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

"ለእኛ ምን ያደርግልናል?" አለች። "መንገርስ ለእሷ ነበር።"

እውነቷን ነው። ማይኩን መለስኩና ወጣሁ።