አክስቴ የጠበቀችው ምስጢር

ነፍሷን ይማርና፣ አክስቴ ሰው ይጎዳል ያለችውን ወሬ ሁሉ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ጊንጪ ጎረቤታችን የነበረው ሙስሊሙ ኦቦ ጀማል ልጁን መርየም ብሎ ሲሰይማት፣ በስውር ክርስቲያን የሆነ መሰላት። "መስጊድ እንዳይሰማ፣ አደራ!" እያለች ለዓመታት አፋችንን አስዘጋችን።

አንድ ቀን ለራሱ ለጀማል፣ "አይዞህ፣ የማርያም ነገር እኔው ጋ ይቀራል" አለችው።

ጀማል ነገሩ ሲገባው ሳቁ አላስቆም አለው። "አዴ፣ መርየም እኮ ቁርኣናችን ውስጥም አለች! በስሟ ሙሉ ምዕራፍ አለ።"

"ታዲያ በከንቱ ነዋ የተጨነቅሁት!" ብላ ጮኸች።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለማርያም በዓል ድፎ ዳቦ ደፍታ፣ "የስምሽ በዓል ነው" እያለች ለመርየም ትልክላት ነበር።

አክስቴ ካረፈች በኋላ በመጣው በዓል ቤታችን ዳቦ የደፋ ሰው አልነበረም። ረፋዱ ላይ መርየም ትኩስ ድፎ ተሸክማ ገባች።

"ምነው አፈጠጣችሁብኝ?" አለች፤ "በዓሉ የእኔ አይደል?"