ባዶ እግሬን የደረስኩበት ኒካህ

ንጋት፣ ጎዴ

ጎህ ሲቀድ የምሠራበት ፕሮጀክት ከተከራያት አውሮፕላን ጎን ቆሜያለሁ። ትንሽ ናት፤ ዘመድ ቢበዛባት የማትችል። ዛሬ ሐረር ላይ የእህቴ የሙና ኒካህ ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ ወልይዋ እኔ ነኝ፤ የሙሽራውን እጅ ጨብጬ የምድራት እኔ። አጎቴ ሊተካኝ ይችላል፤ እሷ ግን «አንተ ካልመጣህ አይታሰርም» ብላለች። ለዚሁ ቀን አዲስ ጥቁር ጫማ ገዝቻለሁ። ጠቦኛል፣ ግን ያምራል።

ረፋድ፣ ድሬዳዋ

አጠገቤ የተቀመጡት አው ኢድሪስ ናቸው፤ ለፕሮጀክቱ ዕቃ የሚያቀርቡ ሽማግሌ የሐረር ነጋዴ። ጫማው እግሬን ቢፈጀኝ አውልቄ ከወንበሩ ሥር ሸጎጥኩት።

ጎማው መሬት ከመንካቱ በግራ በኩል የሆነ ነገር ቋ አለ። የግራው የማረፊያ እግር ታጠፈ። ክንፉ አስፋልቱን እየፋቀ መንደርደሪያውን ለቀን ወጣን፤ በመስኮቱ የሚታየው ሁሉ አሸዋና ቁጥቋጦ ሆነ። አው ኢድሪስ ክንዴን ጨምድደው ሸሃዳ ያዙ። እኔ አልዋሽም፣ ፈራሁ። ሙናን በኒካሗ ቀን ለቅሶ ላስቀምጣት ነው አልኩ።

ቆመች። ፓይለቱ «ዕቃ ሳትይዙ ውጡ!» አለ። ወጣን፣ ሁላችንም፣ በደህና። «አልሐምዱሊላህ» ያላለ አልነበረም፤ ፓይለቱ ክርስቲያን ነው፣ እሱም አብሮን አለ።

ያኔ እግሬን አየሁ። ካልሲ ብቻ።

«አው ኢድሪስ፣ ኒካህ ላይ እንዲህ ሆኜ ልግባ?»

«ነፍስህ መትረፏ አነሰህና ነው ጫማ የምትለኝ?» አሉ፣ አቧራቸውን እያራገፉ።

ቀትር፣ የሐረር መንገድ

ሐኪም አይቶን ስንለቀቅ የጁምዓ ሰዓት ሆኖ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ታክሲ ያዝን። ስልኬም አውሮፕላኗ ውስጥ ቀርቷልና በአው ኢድሪስ ስልክ አጎቴን ባገኘው፣ «ሼኹ ሌላ ኒካህ አለባቸው፤ የአስር ሶላት ሲሰገድ ይሄዳሉ» አለኝ። የደንገጎ ጠመዝማዛ፣ የአወዳይ የጫት እስር፣ የጭነት መኪና ጭስ፤ ሁሉም ሆን ብሎ የሚያዘገየኝ መሰለኝ። ሸዋ በር ስንደርስ መንገዱ በሚኒባስ ተዘግቷል።

«አንተ ሩጥ» አሉኝ አው ኢድሪስ። «እኔን ተወኝ፣ እደርሳለሁ።»

ሮጥኩ። ካልሲዬ በጀጎል ድንጋይ ተበጣጥሶ አለቀ። ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ነበር የምሮጠው።

አስር ሊሰገድ ሲል፣ ቤታችን

ደጃፉ ላይ ጫማ ተከምሯል። ወይ ጉድ! እኛ ቤት ጫማ አድርጎ የገባ ማን አለ? ያደግኩበትን ቤት ወግ ጭንቀት አስረስቶኝ ነው። ሁሉም ቀዩ መደብ ላይ ባዶ እግሩን ተቀምጧል፤ እግሬን ቀና ብሎ ያየ የለም።

«መጣ!» ሲል ሰማሁ አጎቴን። ከጓዳው የሙና ልቅሶ ተሰማ፤ የደስታ።

ሼኹ እጃችንን አጨባበጡን። ሙሽራው ፈርቶ ጣቶቼን ጨምድዷል።

«አይዞህ» አልኩት። «እኔ ዛሬ በአንድ ወገን ጎማ ብቻ አርፌ መጥቻለሁ።»

ሳቀ፣ እጁንም አላላ። «እህቴን ሙናን ድሬልሃለሁ» አልኩ። «ተቀብያለሁ» አለ።