እንዳትነካ የተባለች ወርቅ

ደርግ ከወደቀ በኋላ ያሉትን አራት ዓመታት የኖርኩት ነፋስ ስልክ፣ አማቴ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው። አማቴ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ተጣልቼ እገላገል ነበር! በሬን ሳያንኳኩ ይገባሉ፣ ድስቴን ከፍተው ጨው ይጨምራሉ፣ ካልሲዬን ሳይቀር አጥበው ያሰጣሉ። «ልጄ አይደለሽ እንዴ?» ይላሉ። ምን ይባላል? ባለቤቴን ቤት እንከራይ ስለው «እናቴን ለማን ጥዬ?» ይለኛል። ታፍኜ ልሞት ነበር።

ከወሊድ ፈቃድ ተመልሼ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ደብዳቤ ላስፈርም ፈረንጁ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። እሱ የድሮ የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲም በጨረታ እየገዛ የሚሰበስብ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የጨረታ መጽሔት ሳይ ክው አልኩ። በአንድ ፊቷ የሴት ራስ፣ በሌላው ክንፉን የዘረጋ ንስር ያለባት ሳንቲም! አባቴ በንጉሡ ጊዜ የአሜሪካኖች ሾፌር ነበር፤ ሲሞት «ለክፉ ቀን» ብሎ የተወልኝ እሷኑ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ሥር ደብቄአታለሁ።

በማግስቱ ወስጄ አሳየሁት። በማጉያ መነጽር አገላብጦ አይቶ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «እንዳትነኪያት!» አለኝ። «ማጠብ የለም፣ መወልወል የለም። ገዢ የሚፈልገው ይሄን የደበዘዘ መልኳን ነው። የሚቀጥለው ወር አገሬ ስሄድ፣ ከአገር የመውጫ ፈቃዷን አስጨርሼ ጨረታ አስገባልሻለሁ።»

እኔም ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ላፍቶ ላይ በሐሳቤ ቤት መሥራት ጀመርኩ፤ በሩ የሚቆለፍ፣ ቁልፉ እኔ እጅ ብቻ ያለ ቤት። ሳንቲሟን ሻንጣዬ ሥር መልሼ፣ ለአማቴም ለባሌም ትንፍሽ አላልኩም። ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው።

የልጄ ክርስትና ዕለት፣ ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሎ ሳለ፣ አማቴ ከመቀነታቸው አንድ ነገር ፈትተው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ሳንቲሟ! አናቷ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶባታል። የሴትዮዋ ፀጉር እስኪጠፋ ተወልውላ እንደ አዲስ ድስት ታብለጨልጫለች።

«ልብስሽን ፀሐይ ላሰጣ ሻንጣሽን ስከፍት አገኘኋት» አሉኝ። «ይህን የመሰለ ወርቅ እንዲህ ጠቁሮ ይቀመጣል? ማሠሪያ አጥታ ነው ብዬ ወርቅ ሠሪ ጋ ወሰድኩልሽ። ማንጠልጠያውን ከጉትቻዬ አስቀልጬ ነው።»

ቀና ብዬ ጆሯቸውን አየሁ፤ ባዶ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጮህ ነበር፣ በስመ አብ! ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ። ገብታ ያየችኝ ጎረቤት «የደስታ ነው» ብላ ለሰው ነገረችልኝ።

ሰኞ አለቃዬ አንገቴን ሲያይ ማጉያ መነጽሩን እንኳን አላነሣም። «አሁን ተራ ወርቅ ናት፤ ጨረታ አትገባም» አለኝ።

እንደ ተራ ወርቅ እንዳልሸጣት፣ አማቴ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚያዩት አንገቴን ነው። አንድ ቀን ሆን ብዬ ሳላደርጋት ወጣሁ። አውቶቡስ ተሰልፌ ስጠብቅ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱብኝ። «ረሳሻት እኮ፣ ልጄ!» አሉና፣ ሰልፈኛው እያየ ከኋላዬ ቆመው፣ በገዛ እጃቸው አንገቴ ላይ ቆለፉልኝ።