ሦስቱ የቱ ጋ ነው?

ትናንት ልጄ ጉልበቴን ልታሽልኝ ጠርሙስ ስትከፍት የባሕር ዛፍ ዘይት ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እኔም ጉልበቴን እዚያው ለእሷ ትቼ፣ በዘጠናዎቹ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር፣ ከሌሎች አበሾች ጋር ተጋርቼ ወደተከራየሁት የጭቃ ግቢ ሄድኩ። ያኔ ፀጉሬ ገና አልከዳኝም። ዓረብኛ እንደ ውሃ ስለምናገር ግቢው ሁሉ «ኡስታዝ»፣ መምህር ይለኝ ነበር። ማንበብ አለመቻሌን የምናውቀው ግን እኔና ፈጣሪ ብቻ ነበርን። ሰው ወረቀት ሲያመጣልኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ራቅ አድርጌ ይዤ፣ ማህተሙ ቀይ ከሆነ «ቢሮ ተመለስ ይላል»፣ ሰማያዊ ከሆነ «ኢንሻአላህ ደህና ነው» እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ግምቴ ይይዝልኛል፤ ባይይዝም ትልቅ ሰው ያነበበውን መልሶ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

አቧራው ከተማውን ሸፍኖ በሰነበተበት ሰሞን፣ ከወሎ መጥታ ካፉሪ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን ዘይነባ፣ የሁለት ዓመት ልጇ ሳል ጠንቶባት፣ ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት ያገኘችውን ጠርሙስ ከማንኪያ ጋር ይዛ መጣች። አሸተትኩት፤ ባሕር ዛፍ ነው፤ የሳል ነው ማለት ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ «በቀን ሦስት ማንኪያ ይላል» አልኩ። ጎረቤቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዘይነባ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ሦስቱ የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ» አልኩና ጣቴን ጣል አደረግሁ።

«የዓረብኛ ቁጥር እንኳ ከማዳሜ ስልክ ላይ ለምጃለሁ። እዚህ ሦስት የለም።»

«ኡስታዝን ትፈትኚው ጀመር?» አለቻት ከጎረቤቶቹ አንዷ።

«አልፈተንኩም እቴ። የምትጠጣው ልጄ ናት፣ እሳቸው አይደሉ።»

«ያላ፣ ፋርማሲ እንሂድ» ከማለት ሌላ ምን ቀረኝ? ባለፋርማሲው አነበበ፣ እኛን አየ፣ ደግሞ አነበበና፣ ለመገጣጠሚያ የሚታሽ መሆኑን፣ ሕፃን ብትጠጣው እንደሚመርዛት በእርጋታ ነገረን። ዘይነባ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። የሳሉን መድኃኒት ተቀብለን ስንመለስ፣

«ጋሼ፣ ማንበብ አይችሉም አይደል?» አለችኝ።

«አልችልም» አልኩ። ኡስታዝነቴ እዚያ መንገድ ላይ አለቀ፤ ቀለለኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሱዳን ጦርነት ያቺን ከተማ ሲበትናት የዘይነባ ወሬም አብሮ ጠፋብኝ። እኔ ዛሬ አባባ ሆኛለሁ፤ ያልኩት ሁሉ «እሺ» ይባላል። ትናንት ማታ በእራት ላይ ነጭና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙት በካላክላው ግቢያችን በር ላይ ነበር ብዬ ስዋሽ አንድም ሰው አላረመኝም። አክብሮት ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኛል።